በ78 ነጥብ ማርጊትን መግጠም፦ የ«ኤልደን ሪንግ» ግምገማ

«ኤልደን ሪንግ» ከባድ መሆኑን ለመናገር ግምገማ አያስፈልግም፤ ደሴ ውስጥ ከፕሌይስቴሽን ቤቶች በአንዱ ገብቶ የአንድ ሰዓት የከፈለ ሁሉ ይመሰክራል። ብዙዎቹ ጀምረው ትተውታል። ሲተዉትም የሚያቀርቡት ክስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጠላቱ ጉልበተኛ ነው፣ የእኔ ሰይፍ ደግሞ አይቆርጥም።» ይቆርጣል እንጂ! ሰይፉ ውስጥ ያለውን ልዩ ችሎታ መቼ ማውጣት እንዳለባቸው ስላላወቁ ነው። ጨዋታውም ቢሆን ይህን ለማስረዳት አፉን አይከፍትም፤ በዚህ በኩል እኔም ቅሬታ አለኝ፤ እመጣበታለሁ።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ የሠራው የጃፓኑ ፍሮም ሶፍትዌር ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ ሲሆን፣ የዓለሙን ጥንታዊ ታሪክ የጻፈው አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። የወጣው የካቲት 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወቅት ደሴና ኮምቦልቻ ከጦርነቱ ገና እያገገሙ ስለነበር ስለ ጨዋታ የሚያስብ አልነበረም፤ ወደ እኛ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. በጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ሲሸለም እንኳ እኔ ስሙን አልሰማሁም ነበር።

ወደ ቤታችን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ሲገዛ ዲስኩ እንደ ምርቃት ተጨመረለት፤ እሱ ዓይኑ እግር ኳሱ ላይ ስለነበር ይህ ለእኔ ቀረ። እኔ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሞዴል 19 ስቀበል፣ ሞዴል 22 ስፈርም ውዬ፣ ማታ ሐረጎን በሚኒባስ ወጥቼ ደሴ እገባለሁ። ያለ ጥያቄ፣ ያለ ፊርማ ከመጋዘን የሚወጣ ዕቃ ሲያዩ ደማቸው ከሚፈላ ሰዎች አንዷ ነኝ። ይህ ጠባይ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትጀምሩ ከ10 ዓይነት ተዋጊዎች አንዱን ትመርጣላችሁ። እኔ የመረጥኩት ቫጋቦንድ የሚባለውን፣ ጥሩርና ጋሻ ያለውን ሰይፈኛ ነው። ከላይ በስተግራ ሦስት መስመሮች አሉ፤ ቀዩ ሕይወት ነው፣ አረንጓዴው ትንፋሽ ነው፣ በመካከል ያለው ሰማያዊ ደግሞ ኤፍ ፒ ይባላል፤ ልዩ ችሎታ የሚወጣው ከዚህ ሰማያዊ መስመር ተቀንሶ ነው። ቫጋቦንድ ሲጀምር ያለው 78 ነጥብ ነው። አረንጓዴው በራሱ ይሞላል። ሰማያዊው አይሞላም፤ ወይ ሰማያዊውን ብልቃጥ መጠጣት ነው፣ ወይ ጸጋ በሚባለው ወርቃማ ብርሃን አጠገብ ማረፍ ነው። ብልቃጦቹ በመጀመሪያ 4 ናቸው፤ 3ቱ ቀይ፣ 1ዱ ሰማያዊ። ጸጋው ዘንድ ሲያርፉ ክፍፍሉን መቀየር ይቻላል። በኋላ ወርቃማ ዘሮችን እያገኙ ቁጥሩን እስከ 14 ያደርሱታል፤ ያ ግን ሩቅ ነው።

አሁን ወጪውን እንሥራ። ክሌይሞር የሚባል ትልቅ ሰይፍ አለ፤ በደቡብ በኩል፣ ካስል ሞርን በሚባለው ግንብ ውስጥ በሣጥን ተቀምጦ ይገኛል። ሰይፉ 16 ጉልበት ይጠይቃል። ቫጋቦንድ ሲጀምር 14 ነው ያለው፤ ነገር ግን ሰይፍ በሁለት እጅ ሲያዝ ጉልበት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ ደረጃ ሳይጨምሩም መያዝ ይቻላል። ከሰይፉ ጋር የሚመጣው ችሎታ ላየንስ ክሎው ይባላል፦ ሰውየው ወደ ፊት ተገልብጦ ሰይፉን ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል። ዋጋው 20 ነጥብ ነው። ከ78 ላይ ሦስት ጊዜ ከወጣ 18 ይቀራል፤ በ18 ደግሞ አራተኛው አይገዛም። ቁልፉን ብትጫኑት ይገለበጣል፣ ምቱ ግን ከሲታ ነው። በሌላ በኩል ሦስት ተኩላዎችን የምትጠራ ደወል አለች፤ ጥሪዋ 55 ነጥብ ይበላል። ተኩላዎቹን ጠርታችሁ ወደ ጠላት ከገባችሁ ለሰይፉ የተረፋችሁ 23 ነጥብ ነው፤ አንዲት መገልበጥ። ሰማያዊዋን ብልቃጥ የት እንደምትጠጧት አሁን ግልጽ ይመስለኛል፦ ተኩላዎቹ እንደተጠሩ፣ ጠላቱ ገና ከወዲያ ጫፍ እየመጣ ሳለ። ከዚያ በኋላ ጊዜ አታገኙም።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚስተው። ዋጋው 20፣ 55 ተብሎ በቁጥር ስለተጻፈ ሁሉም ዓይኑን ሰማያዊው መስመር ላይ ይተክላል። ያልተጻፈው ዋጋ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ እሱም ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ችሎታ ቁልፉ ከተጫነበት ቅጽበት እስኪጨርስ ድረስ ባለቤቱን አሥሮ ይይዘዋል። መንከባለል የለም፣ ጋሻ ማንሣት የለም፣ ተጸጽቶ መመለስ የለም። ብልቃጥ መጠጣት ራሱ ጊዜ ይበላል። ጠላት በበኩሉ ከእያንዳንዱ ጥቃቱ በኋላ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። የዚህ ጨዋታ ጥበብ ሁሉ ያለው የችሎታውን ርዝመት ከክፍተቱ ስፋት ጋር ማስተካከል ላይ ነው። ሰይፍን ማጠንከር፣ ደረጃ መጨመር ይጠቅማል፤ ግን ይህን ያልያዘ ሰው በጠንካራ ሰይፍም ይሞታል።

ማርጊትን ልውሰድ። በስቶርምቬል ግንብ መግቢያ ላይ የሚጠብቅ፣ ቀንድና ጅራት ያለው፣ ምርኩዝ የያዘ ረዥም ፍጡር ነው። አብዛኛው ሰው የሚተወው እሱ ዘንድ ሲደርስ ነው። ምርኩዙን ወደ ላይ ያነሣና ዝም ብሎ ይይዘዋል። በሌሎች ጨዋታዎች የተነሣ ክንድ ወዲያው ይወርዳል፤ እጃችን በዚያ ሠልጥኗል። እሱ ግን እናንተ ፈርታችሁ ተንከባልላችሁ እስክትጨርሱ ይጠብቅና ልክ ስትነሡ ያወርደዋል። ራቅ ብላችሁ ብልቃጥ ልትጠጡ ስትሞክሩ የብርሃን ጩቤ ይወረውርባችኋል፤ ሲጠጡ እያየ መሆኑ በጣም ያናድዳል።

በተነሣ ምርኩዝ ፊት ላየንስ ክሎውን ማውጣት አንገትን መስጠት ነው። እርግጥ ነው፣ ችሎታው ሲጀምር በቀላሉ አይቋረጥም፤ እየተመቱም መገልበጡ ይቀጥላል። ግን ቀዩ መስመር አብሮ ይሄዳል፤ ልውውጡ ደግሞ ሁልጊዜ ለማርጊት ነው የሚያደላው፤ እሱ ሕይወቱ ብዙ ነው። ትክክለኛው ቦታ ሌላ ነው። ማርጊት አንዳንዴ ወደ ላይ ዘሎ ይወጣና መሬቱን እየመታ ያርፋል። ካረፈ በኋላ ለመቃናት ይዘገያል። ያቺ ክፍተት ለአንድ ላየንስ ክሎው ትበቃለች፤ የምትበቃው ግን እሱ ሲዘል ወደ ኋላ ለሸሸ ሰው አይደለም። ወደ ጎኑ ተንከባልሎ፣ ከትከሻው በታች ቆሞ፣ ምርኩዙ መሬቱን ሲነካ ጣቱን ቁልፉ ላይ ላደረገ ሰው ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ በዚህ መንገድ ከተመታ አቋሙ ይሰበራል፤ ይንበረከካል። የአቋም መስመር በስክሪኑ ላይ አይታይም፣ ግን አለ፤ ከባድ ምቶች ይቀንሱታል፣ ዝም ከተባለ ደግሞ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ሲንበረከክ ፊቱ ሄዶ መደበኛውን የመምቻ ቁልፍ መጫን ነው፤ ያ ምት ነጥብ አይጠይቅም፣ ከሁሉም ምት ይበልጣል። እንግዲህ 60 ነጥብ አወጣችሁ፣ ትልቁን ምት በነፃ አገኛችሁ። እንዲህ ዓይነት ወጪ እኔ ያለ ጥያቄ እፈርማለሁ።

እናቴ ከጎን ቡና እያፈላች ታየኛለች። በየማታው ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «ይህ ሰውዬ ዛሬም አልሞተም?»

ለማርጊት የተለየ መድኃኒትም አለ፤ ፓችስ የሚባል አጭበርባሪ መርክዋተር በሚባል ዋሻ ውስጥ አድብቶ ያጠቃችኋል። እጁን ሲሰጥ ካልገደላችሁት ሱቅ ይከፍታል፤ ከሸቀጦቹ መካከል በ5,000 ሩን (የጨዋታው ገንዘብ ነው) የሚሸጥ የማርጊት ማሰሪያ አለ። ውጊያው መሐል ስትጠቀሙበት መሬት ላይ ለጥቂት ጊዜ ይቸነክረዋል። የሚሠራው በውጊያው የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ስለሆነ ቸኩሎ የሚያባክነው ሰው አይጠፋም። እሱ በተቸነከረበት ጊዜ ቀላል ምት እየደጋገሙ መምታት ሞኝነት ነው፤ እንዲህ ያለ ረጅም ክፍተት በጨዋታው ውስጥ በስጦታ አይገኝም፤ ረጅሙን ችሎታ ለዚህ አስቀምጡት።

ወንድሜ በዚህ አይስማማም። የእሱ ምርጫ አስትሮሎጀር፣ ከሩቅ በአስማት የሚመታው ነው። «እትዬ፣ ለምን ከእግሩ ሥር ትገቢያለሽ? ከሩቅ ቀጥቅጪው» ይለኛል። አስማትም ቆሞ የሚወረወር መሆኑን፣ የሩቅ መሆኑ የጊዜውን ዕዳ እንደማይሰርዝ ብነግረው አይሰማም። አንድ ነገር ግን አምኜለታለሁ፦ ጀማሪ ከሆናችሁ ላየንስ ክሎው የመጀመሪያ መማሪያ አይደለም። ቫጋቦንድ ሲጀምር የያዘው ተራ ሰይፍ ስኩዌር ኦፍ የሚባል ችሎታ አለው፤ ከዚህ ጨዋታ የምወደውን አንድ ነገር ምረጪ ብባል እሱን ነው የምጠራው። የችሎታውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ሰውየው ሰይፉን አስተካክሎ ይቆማል። አልተመቸም? ቁልፉን ለቅቃችሁ ሂዱ፤ ነጥብ የሚቆረጠው ምቱ ሲወጣ ነው። ከተመቸ ቀላሉን ቁልፍ ስትጫኑ ከታች ወደ ላይ ይቆርጣል፣ ጋሻ የያዘውንም ይከፍተዋል፤ ከባዱን ስትጫኑ ወደ ፊት ሮጦ ይወጋል። አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይገባል። ሰው መጀመሪያ በያዘው ሰይፍ ውስጥ ይህ እንዳለ ሳያውቅ ሌላ ሰይፍ ፍለጋ ሲባዝን ሳይ ያሳዝነኛል።

ለምን አያውቅም? ቅሬታዬ ይህ ነው። ጨዋታው ስለ ችሎታዎች የሚሰጠው ማብራሪያ በደቃቅ እንግሊዝኛ የተጻፈች፣ ግማሽዋ ተረት የሆነች አንቀጽ ናት። ስንት ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ምን ያህል አቋም እንደሚቀንስ አትነግርም። በተለይ ጋሻ የሚይዝ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ በግራ እጅ የያዛችሁት ጋሻ የራሱ ችሎታ ካለው፣ የችሎታውን ቁልፍ፣ ኤል 2ን፣ ስትጫኑ የሚወጣው የጋሻው ነው፤ የሰይፉ አይወጣም። ሰይፉን በሁለት እጅ መያዝ አለባችሁ፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ቁልፍ ይዛችሁ አር 1ን ትጫናላችሁ። ሌላው መንገድ ኖ ስኪል የሚባለውን ዕቃ ጋሻው ላይ ማድረግ ነው፤ ጋሻው ባዶ ሲሆን የሰይፉ ችሎታ ይወጣል። ችሎታዎችን ከአንድ ሰይፍ ወደ ሌላ ለማዛወር የሚያስችለው መሳያ ራሱ ጌትፍሮንት በሚባለው ፍርስራሽ፣ ምድር ቤት ውስጥ በሣጥን ተቆልፎበት ነው ያለው። በአጠገቡ በፈረስ ጋልቦ ያለፈ ሰው ግማሽ ጨዋታውን ትቶ አለፈ ማለት ነው። ይህን ያህል መሠረታዊ ነገር በወታደሮች መካከል መደበቅ ጥበብ አይመስለኝም።

አጋሮችን ስለመጥራት ብዙ ሰው «ማጭበርበር ነው» ይላል። ከንቱ ኩራት ነው። ተኩላዎቹ ማርጊትን አይገድሉትም፤ ፊቱን ያዞሩታል። ፊቱ በዞረ ቁጥር የእናንተ ክፍተት ይሰፋል፤ የተከፈለው 55 ነጥብ የገዛው ጊዜን ነው። በኋላ ላይ የሚገኘው ሚሚክ ቲር ደግሞ የራሳችሁን አምሳያ ያቆምላችኋል፤ ዋጋው ከሰማያዊው ሳይሆን ከሕይወት 660 ነጥብ ነው። የለበሳችሁትን ለብሶ፣ የያዛችሁትን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሰይፋችሁ ላይ የትኛው ችሎታ እንዳለ ለሁለት ሰው ማሰብ ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ግን ማሌኒያ ከምትባለው ከባድ ጠላት ዘንድ ሲደረስ ይገለበጣል። እሷ በመታች ቁጥር ሕይወቷ ይመለሳል፤ በጋሻ ብትመክቱም ይመለሳል። ሦስት ተኩላ ይዞ መግባት ሦስት ድስት ወጥ ይዞላት እንደመግባት ነው። እዚያ የሚያስፈልገው በፍጥነት ገብቶ አቋሟን የሚሰብር፣ መልሶ የሚያስወጣ አጭር ችሎታ ነው። ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው፤ በአንዱ ዘንድ የሠራ ዘዴ በሌላው ዘንድ ጠላትን ያጠግባል።

ኢንተርኔት ሳያገናኙ በዲስክ ለሚጫወቱ፣ ማለትም ለብዙዎቻችን፣ አንድ ማሳሰቢያ። መጋቢት 2014 ዓ.ም. የወጣው 1.03 የተባለው ማሻሻያ አንዳንድ ችሎታዎችን አዳክሟል፤ በረዶ የሚያፈልቀው ሆርፍሮስት ስቶምፕ እና ሚሚክ ቲር ከእነዚህ ይገኙበታል። ብለድሃውንድስ ስቴፕ የሚባለው መሰወሪያም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቀንሷል። ከመጀመሪያዎቹ ዲስኮች አንዱን ይዛችሁ ሳታድሱ የምትጫወቱ ከሆነ እነዚህ ችሎታዎች እንደጥንቱ ናቸው። በቪዲዮ ላይ «ይህ አይጠቅምም» ሲባል ብትሰሙ፣ በእናንተ ቤት ይጠቅም ይሆናል።

ሌላው ችግር ለእኛ አገር የባሰ ነው፦ ጨዋታው ለአፍታ ማቆሚያ የለውም። ዝርዝሩን ብትከፍቱም ጠላቱ መምታቱን አይተውም። ቶና ሲጠራ፣ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ፣ ወይ መሞት ወይ ወደ ጸጋው መሮጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ከጠበቅሁት ይሻላል፤ ጨዋታው በየጊዜው ራሱ ስለሚመዘግብ የሚጠፋው ጥቂት ነው። መብራቱ ሲመለስ «በአግባቡ አልዘጋችሁኝም» ብሎ ይወቅሳል እንጂ ሌላ አያደርግም።

ከቀረው በጥቂቱ፦ በመቃብር ዋሻዎች ውስጥ ያሉት አለቃ ጠላቶች ይደጋገማሉ፤ ያየነውን ጠላት ሁለት አድርገው ሲያቀርቡት እንደ አዲስ አይቆጠርም። ትልልቅ ጠላቶች ሲጠጉ ካሜራው ሆዳቸውን ብቻ ያሳያል። በፕሌይስቴሽን 4 በሴኮንድ 30 ምስል ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ እስከ 60 ይደርሳል፤ ጠባብ ክፍተት ለሚቆጥር ሰው ልዩነቱ ይሰማል፣ ግን በ30ውም ይቻላል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ማን ይግዛው? ማታ ደክሞት ገብቶ ቶሎ ማሸነፍ የሚፈልግ አይግዛው፤ የሚቀርበት ነገር የለም። መሸነፍን የሚታገሥና ለምን እንደተሸነፈ መመርመር የሚወድ ይግዛው፤ አንድ ዲስክ ለወራት ይበቃዋል። በሰዓት እየከፈሉ በጨዋታ ቤት መጫወቱን አልመክርም፤ ለማርጊት ብቻ የሚወጣው የሰዓት ክፍያ ያገለገለ ዲስክ ሳይገዛ አይቀርም። ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪ የተባለው ተጨማሪ ክፍል አሁን አያስፈልጋችሁም፤ ራዳንና ሞግ የሚባሉትን ጠላቶች ሳይገድሉ ወደዚያ አይገባም፤ እነሱ ዘንድ እስክትደርሱ ገንዘባችሁን ያዙ።

ያገለገለ ስትገዙ የዲስኩን ጭረት ብቻ አትዩ። መቆጣጠሪያውንም ፈትሹ፤ በተለይ ኤል 2ን። በጨዋታ ቤት የከረመ መቆጣጠሪያ ኤል 2ው ይላላል፤ ሲጫኑት አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። እግር ኳስ ላይ ብዙም አይታወቅ ይሆናል። እዚህ ግን ችሎታው ሁሉ ያለው በዚያች ቁልፍ ላይ ነው፤ ሻጩ ፊት ደጋግማችሁ ጫኑት፣ ከላላ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ሌላ አስመጡ።